ኮፒ ማድረግ ብክነት አይደለም

በፕሮግራመሮች ዘንድ ሳይመረመር የሚወረስ አንድ ምክር አለ። ጀማሪው አንድ ሊስት ለፈንክሽን ሲያስተላልፍ ኮፒ አድርጎ ከሰጠ፣ ኮዱን የሚያይለት ነባር ባልደረባ «ለምን ኮፒ ታደርጋለህ? ሚሞሪ ታባክናለህ፤ ሪፈረንሱን ስጠው» ይለዋል። ጀማሪውም ያርማል። ከዚያ ወዲያ ኮፒ ማድረግ የጀማሪ ሥራ፣ ሪፈረንስ (መረጃው ያለበትን አድራሻ) ማጋራት ደግሞ የበሰለ ባለሙያ ምልክት ሆኖ ይታየዋል። ዓመታት አልፈው እሱ በተራው ገምጋሚ ሲሆን ያንኑ ምክር ለሚቀጥለው ያወርሳል።

ይህ ምክር የተገለበጠ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ሊለወጥ የሚችል መረጃ ከአንድ የኮድ ክፍል ወደ ሌላው ሲተላለፍ ደንቡ ኮፒ፣ መጋራት ደግሞ በግልጽ ተጽፎ የሚጠየቅ ልዩ ፈቃድ መሆን አለበት። በፓይተን፣ በጃቫና በጃቫስክሪፕት የምንሠራ ሰዎች የምንኖረው በተቃራኒው ነው። ሊስትም ሆነ ኦብጀክት በእኩል ምልክት ለሌላ ቫሪያብል በሰጠን ቁጥር ሳንጠይቅ እንጋራለን፤ ኮፒ የፈለገ ሰው ግን ራሱ አስታውሶ መጻፍ አለበት። የረሳ ሰው የሚቀጣበት መንገድ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ፕሮግራሙ አይቆምም፣ የተሳሳተ መልስ ይዞ ይቀጥላል።

አንድ የደመወዝ ፕሮግራም ሁለት ሊስት አለው እንበል፤ አንዱ የሠራተኞች ስም፣ ሌላው በዚያው ቅደም ተከተል የተቀመጠ ደመወዝ። በመሃል አንድ ሰው ከድርጅቱ ደመወዞች መካከለኛ ቦታ ላይ ያለውን የሚያወጣ ፈንክሽን ይጨምራል። መካከለኛውን ለማግኘት መደርደር ያስፈልጋልና ፈንክሽኑ የተሰጠውን ሊስት ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረድርና ትክክለኛውን ቁጥር ይመልሳል። ፈተናውን በሙሉ ያልፋል። ነገር ግን የደረደረው የራሱን ቅጂ ሳይሆን የጠሪውን ሊስት ነው። ከዚያ መስመር በኋላ የጥበቃ ሠራተኛዋ ስም ከሌላ ሰው ደመወዝ ጋር ተጣምሯል። የትኛውም መስመር አይጮህም፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ አይታይም። ስህተቱን የሚያገኘው ወር መጨረሻ ላይ ባንክ ቤት ሰልፍ የያዘው ሠራተኛ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? ፈንክሽኑ ለብቻው ሲነበብ ትክክል ነው። የሚጠራው ኮድም ለብቻው ሲነበብ ትክክል ነው። ጥፋቱ የተቀመጠው በሁለቱ መካከል፣ ማንም ምንም ባልጻፈበት ቦታ ላይ ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ሁለት ጠንቃቃ ሰዎች እያንዳንዳቸው በትክክል ሠርተው አንድ ላይ የተሳሳተ ውጤት የሚያወጡበትን ሥርዓት እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብለነዋል።

«ፕሮግራመሩ ይጠንቀቅ» ይሉናል። መጠንቀቅ ግን ማወቅን ይጠይቃል። ሊስቴ እንደተውኩት መኖሩን ለማወቅ፣ የሰጠሁትን ፈንክሽን ብቻ ሳይሆን እሱ የሚጠራቸውን፣ እነዚያ ደግሞ የሚጠሯቸውን ሁሉ ማንበብ አለብኝ። ከመካከላቸው አንዱ የሌላ ሰው ላይብረሪ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚወጣውን እትሙንም ጭምር። ይህ ከአንድ ሰው አቅም በላይ ነው። በአገራችን ቢሮ ለቢሮ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ ዋናውን አሳይቶ ኮፒውን ያስገባል። የዲግሪውን ኦርጅናል በሰው ፋይል ውስጥ ትቶ የሚወጣ የለም። እንዲህ የሚያደርገው የፎቶ ኮፒ ዋጋ ሳይታየው ቀርቶ አይደለም፤ ኦርጅናሉ ላይ ማን ምን እንደሚጽፍበት ሊያውቅ ስለማይችል ነው።

ታዲያ መጋራት እንዴት ደንብ ሊሆን ቻለ? የመጣው ከእጥረት ነው። የመጀመሪያው የፎርትራን ኮምፓይለር በ1957 ሲወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተሠራለት ማሽን አይቢኤም 704 ነበር። የዚህ ማሽን ዋና ሚሞሪ ቢበዛ 32,768 ቃላት፣ እያንዳንዱ ቃል 36 ቢት ነበር። ሁሉም ተደምሮ ዛሬ በስልክ ከምናነሳው አንድ ፎቶ ያንሳል። በዚያ ጠባብ ሚሞሪ ውስጥ አንድን ትልቅ የቁጥር ሰንጠረዥ ሁለት ጊዜ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ የማይቻል ነገር ነበር። ስለዚህ ንዑስ ፕሮግራሞች የሚተላለፍላቸው መረጃው ሳይሆን አድራሻው ሆነ። ውጤቱ እስከምን እንደሄደ ልብ በሉ፤ በአንዳንድ የጥንት ፎርትራን ኮምፓይለሮች ላይ 2 የሚለውን ቋሚ ቁጥር ለንዑስ ፕሮግራም ብትሰጡና እሱ በተሰጠው ነገር ላይ አንድ ቢጨምር፣ ከዚያ በኋላ በፕሮግራሙ ውስጥ 2 ተብሎ የተጻፈው ሁሉ 3 ይሆን ነበር። ቁጥሩ ራሱ የጋራ ንብረት ሆኖ ነበርና።

አደጋውን ቀድመው ያዩ ሰዎች ነበሩ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቶኒ ሆር በ1973 ስለ ፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች አነዳደፍ በጻፉት ጽሑፍ፣ ሪፈረንስን ከዘፈቀደ ዝላይ ጋር አመሳስለው፣ ወደ ከፍተኛ ቋንቋዎች መግባቱ ምናልባት ፈጽሞ የማናገግምበት የኋሊት እርምጃ ነው ሲሉ አስጠንቅቀዋል። ሰዎች ሆርን የሚያስታውሱት በ1965 አልጎል ደብልዩ ውስጥ ባስገቡት የባዶ ሪፈረንስ ጸጸታቸው ነው፤ ይህኛው ማስጠንቀቂያቸው ግን ይበልጥ ሊነበብ ይገባው ነበር። ዝላዩን፣ ያንን «ጎቱ» የሚባለውን ትእዛዝ፣ ከቋንቋዎቻችን አባረርነው። በመረጃ ውስጥ ያለውን አቻውን ግን ደንብ አድርገን አነገሥነው።

ጉዳቱ የጀማሪ ስህተት ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ 1997 ልውሰደው። ጃቫ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ከኢንተርኔት ወርደው በብሮውዘር ውስጥ የሚሠሩ አፕሌት የተባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ዓለምን ይለውጣሉ የሚባልበት ጊዜ ነበር፤ የእንግዳ ሰው ኮድ በራስ ኮምፒውተር ላይ ያለ ስጋት እንዲሮጥ የሚያስችል የደህንነት ሥርዓት አለን ተብሎም በኩራት ይነገር ነበር። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ክላስ ማን እንደፈረመበት ይመዘገባል፣ የታመነ ሰው የፈረመበት ኮድ ተጨማሪ ሥልጣን ያገኛል። አንድ ክላስ «የእኔ ፈራሚዎች እነማን ናቸው?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድም ነበረው። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን በጃቫ 1.1.1 ላይ አንድ ነገር አገኙ። ያ ጥያቄ የሚመልሰው የፈራሚዎቹን ዝርዝር ቅጂ ሳይሆን ሲስተሙ ራሱ የሚጠቀምበትን አሬይ ሪፈረንስ ነበር። አፕሌቱ ዝርዝሩን ተቀብሎ የራሱን ፈራሚ አውጥቶ የታመነ ፈራሚ ስም ይጽፍበታል፤ ሲስተሙም በሚቀጥለው ጊዜ ሲያይ የታመነ ኮድ ሆኖ ያገኘዋል። ፊርማ የሰበረ የለም፣ የይለፍ ቃል የሰረቀ የለም። ሲስተሙ ራሱ መዝገቡን አውጥቶ ከነእርሳሱ በእንግዳው እጅ ላይ አስቀመጠለት።

መፍትሔው የአሬዩን ኮፒ መመለስ ብቻ ነበር። በዓለም ላይ ካሉ እጅግ ጎበዝ መሐንዲሶች መካከል የተመረጡ ሰዎች፣ ደህንነትን ዋና ጉዳያቸው አድርገው የጻፉት ኮድ ውስጥ ይህን ኮፒ ማንም አላስታወሰም። አለማስታወሳቸው ስንፍና ሊባል አይችልም፤ ቋንቋው የሚፈቅደውን አጭሩንና ተፈጥሯዊ የሚመስለውን መስመር ነው የጻፉት። ደንቡ አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን የሰው ጉብዝና አያድንም።

ጆሽዋ ብሎክ በ2001 ባሳተሙት ኢፌክቲቭ ጃቫ በተባለው መጽሐፋቸው «የመከላከያ ኮፒ» የሚባለውን ልማድ በሰፊው አስተማሩ። ምሳሌያቸው መጀመሪያና መጨረሻ ያለው የጊዜ ክፍል ነው፤ ሲፈጠር መጀመሪያው ከመጨረሻው እንደማይበልጥ ያረጋግጣል። ነገር ግን የጃቫ የቀን ኦብጀክት ከተሰጠ በኋላ ሊለወጥ ይችላልና፣ ቀኖቹን ያስረከበው ሰው ሪፈረንሱን ይዞ ቆይቶ መጨረሻውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ማረጋገጫው ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ሲገባ ኮፒ አድርግ፣ ሲወጣም ኮፒ አድርግ። በዚህም አያበቃም። ኮፒው ከማረጋገጫው በፊት መሆን አለበት፤ አለዚያ በሁለቱ መካከል ባለች ቅጽበት ሌላ ትሬድ ኦርጅናሉን ሊለውጠው ይችላል። ማረጋገጫውም በኦርጅናሉ ላይ ሳይሆን በኮፒው ላይ ይደረግ። ኮፒውንም በ«ክሎን» አታድርገው፤ የመጣው ነገር በቀን ስም የተሸሸገ ሌላ ክላስ ሊሆን ይችላልና። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ አንብቤ የማደንቀው የብሎክን ጥልቀት ነው። ግን ቆም ብላችሁ አስቡ፤ ይህ ሁሉ የሚደረገው ሁለት ቀኖችን ለማስቀመጥ ነው! ጃቫ ራሱ በመጋቢት 2014 ስምንተኛ እትሙ ላይ አዲስ የቀንና የሰዓት ክላሶች ሠርቶ ፈጽሞ የማይለወጡ ሲያደርጋቸው ፍርዱን ሰጥቷል።

እዚህ ላይ ነው የተቃራኒው ወገን ዋና መከራከሪያ የሚፈርሰው። መጋራት ሚሞሪ ይቆጥባል ይላሉ። በተግባር ግን መጋራት ደንብ የሆነበት ዓለም ከኮፒው ዓለም የበለጠ ኮፒ ያደርጋል፤ ማንም ማንንም ማመን ስለማይችል ሁሉም በየበሩ ራሱን ለመጠበቅ ኮፒ ያደርጋልና። በጃቫ የኢነም አባላትን ዝርዝር የሚመልሰው ፈንክሽን በተጠራ ቁጥር አዲስ አሬይ ይፈጥራል። ዝርዝሩ ፕሮግራሙ ከተነሳ እስኪቆም አንድም ጊዜ የማይለወጥ ነው፤ ነገር ግን አሬይ በጃቫ ሁልጊዜ ተለዋጭ ነውና አንዱ ጠሪ ለሌላው እንዳያበላሽ በየጊዜው ይገለበጣል። አንድ ሚሊዮን ጊዜ ቢጠራ አንድ ሚሊዮን ቅጂ። የቆጣቢው ሥርዓት ቁጠባ ይህ ነው።

ይበልጥ የሚያሳምነኝ ምስክር ግን ፓንዳስ ነው። በፓይተን መረጃ የሚተነትን ሰው፣ የባንክ ባለሙያም ሆነ የጤና ጥናት ተመራማሪ፣ ከዚህ ላይብረሪ ጋር ሳይተዋወቅ አይቀርም። ከሰንጠረዥ ላይ የተወሰኑ ረድፎችን መርጦ ወጥቶ በመረጠው ላይ ዋጋ የቀየረ ሰው ሁሉ ያቺን ዝነኛ ማስጠንቀቂያ አይቷታል፤ ኮፒ ላይ እየጻፍክ ሊሆን ይችላል ብላ የምትጠረጥረውን። ሊሆን ይችላል! ላይብረሪው ራሱ አያውቅም ነበር። የመረጥኩት ነገር የዋናው ሰንጠረዥ መስኮት ይሁን ወይስ ራሱን የቻለ ቅጂ፣ የሚወሰነው መረጃው በሚሞሪ ውስጥ በተቀመጠበት መንገድና በአመራረጡ ዓይነት ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ ለውጥ ዋናውን ያበላሽ፣ አንዳንዱ ለውጥ ደግሞ የትም ሳይደርስ ይጠፋ ነበር። ስንት ሰው ማስጠንቀቂያዋን በአንድ መስመር አፍኖ ሥራውን እንደቀጠለ ማን ይቆጥረዋል? ከዚያ ሰንጠረዥ የወጡት ቁጥሮች ደግሞ ሪፖርት ውስጥ ገብተዋል።

የፓንዳስ ሰዎች ለዓመታት ከተወያዩ በኋላ በግልጽ አንዱን ወገን መረጡ። በሚያዝያ 2023 በወጣው ሁለተኛው ዋና እትም እንደ አማራጭ ያጠናከሩትና ለሦስተኛው መደበኛ እንዲሆን የወሰኑት ደንብ አጭር ነው፤ ከአንድ ሰንጠረዥ የወጣ ማንኛውም ነገር እንደ ኮፒ ይቆጠራል፣ በአንዱ ላይ መጻፍ ሌላውን አይነካም። ሚሞሪውስ? እውነተኛው ግልበጣ እስኪጻፍበት ድረስ ይዘገያል፤ «ኮፒ ኦን ራይት» የሚባለው ዘዴ ነው። ካልተጻፈበት ግልበጣው ጨርሶ አይኖርም። ደንቡ አንዴ ከተተከለ በኋላ ደግሞ ቀድሞ ለጥንቃቄ ሲባል ሙሉ ሰንጠረዡን ይገለብጡ የነበሩ ብዙ ኦፕሬሽኖች፣ ለምሳሌ የአምድ ስም መቀየር፣ መገልበጡን አቆሙ። የኮፒ ዋስትና በመስጠታቸው ኮፒው ቀነሰ። ይህን እውነት ማንም የ«ሪፈረንሱን ስጠው» ወገን ሲመልስ አልሰማሁም።

ዘዴውም አዲስ አይደለም። ሊኑክስ አንድን ፕሮሰስ ለሁለት ሲከፍል ልጁ የእናቱን ሚሞሪ በሙሉ ኮፒ እንዳገኘ ይቆጠራል፤ ከርነሉ ግን የሚገለብጠው የተጻፈበትን ገጽ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 ኪሎባይት በ4 ኪሎባይት፣ ነው። ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝ አገልግሎቱን ሳያቋርጥ ሙሉ ምስሉን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው በዚሁ ላይ ተደግፎ ነው። ለፕሮግራመሩ የሚታየው ኮፒ ነው፤ መጋራቱ ከታች፣ ማንም ሊጎዳበት በማይችልበት ቦታ፣ በማሽኑ ይከናወናል።

ስለ ፍጥነትም ቢሆን የድሮው ስሌት አርጅቷል። የዛሬ ፕሮሰሰር ከሚሞሪ የሚያነበው በአብዛኛው በ64 ባይት ቁራጭ ነው። ቁራጩ ቅርብ ባለው ካሽ ውስጥ ካለ በ1 ናኖሰከንድ ገደማ ይደርሳል፤ ዋናው ሚሞሪ ድረስ መሄድ ካስፈለገ ወደ 100 ናኖሰከንድ ይጠጋል። ጎን ለጎን የተቀመጠን ትንሽ መረጃ መገልበጥ እንግዲህ ሪፈረንስ ተከትሎ ሩቅ ቦታ ካለ ኦብጀክት ዘንድ ከመሄድ ሊረክስ ይችላል። አንድ ሺህ ቁጥሮች ያሉበት ሊስት፣ እያንዳንዱ 8 ባይት ቢሆን፣ 8 ኪሎባይት ነው፤ እሱን መገልበጥ ከ1 ማይክሮሰከንድ ብዙም አይርቅም። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የዳታቤዝ ጥሪ በሚሊሰከንድ ይቆጠራል። ሁለት የፕሮሰሰር ኮሮች አንዱን የሚሞሪ ቁራጭ ተጋርተው ሲጽፉበት ደግሞ ቁራጩ በመካከላቸው ሲመላለስ የሚባክነውን ጊዜ ማንም የመጋራት ወጪ ብሎ አይመዘግበውም።

ሚሞሪን በተመለከተ የጃቫ ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። ከረጅም ጽሑፍ ላይ አጭር ቁራጭ ሲቆረጥ፣ ጃቫ ለረጅም ጊዜ ቁራጩን አይገለብጥም ነበር፤ ከዋናው ጽሑፍ ጋር አንድ አሬይ ይጋራ ነበር። ብልህ ቁጠባ ይመስላል። ነገር ግን ከብዙ ሜጋባይት ፋይል ላይ አሥር ፊደል ቆርጦ ያስቀመጠ ፕሮግራም፣ እነዚያ አሥር ፊደላት በሕይወት እስካሉ ድረስ ፋይሉን በሙሉ ተሸክሞ ይዞር ነበር። በ2012 የወጣው የጃቫ 7 ስድስተኛ ማሻሻያ መጋራቱን አስቀርቶ ቁራጩን መገልበጥ ጀመረ። ለቁጠባ ሲባል የተደረገው መጋራት ሚሞሪ ሲበላ ኖሮ፣ ያዳነው ኮፒ ሆነ።

አንድ የሚገባ ተቃውሞ አለ፤ «የማይለወጥ ነገርን መጋራት ምን ይጎዳል?» የሚለው። ከደህንነት አንጻር ምንም አይጎዳም፣ ከዚህ ክርክሬ ጋርም አይጋጭም። ማንም ሊለውጠው የማይችል ነገር ቢጋሩትም ቢገለብጡትም ለተጠቃሚው ልዩነት የለውም። ጊት በ2005 ሲጀመር የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ኮሚት የፕሮጀክቱ ሙሉ ምስል ነው፣ ያልተለወጡ ፋይሎች ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጣሉ። ክሎዠር የተባለው ቋንቋ አንድ ሚሊዮን ነገር ያለበትን ቬክተር አንድ ቦታ ላይ «ሲለውጥ» አሮጌውን አይነካም፤ ባለ 32 ቅርንጫፍ ዛፍ ስለሆነ አራት ያህል ኖዶችን ብቻ ገልብጦ የቀረውን ይጋራል። በኤሪክሰን በ1980ዎቹ የተወለደው የኤርላንግ ቋንቋ ደግሞ በፕሮሰሶቹ መካከል የሚያልፈውን መልእክት ይገለብጣል፤ ከ64 ባይት በላይ የሆኑ ባይነሪዎችን ግን፣ የማይለወጡ በመሆናቸው፣ ያጋራል። የስልክ ማዞሪያዎች በዚህ ሠርተዋል፣ ዋትስአፕም አድጎበታል። ገደለን የሚባለው ኮፒ እነዚህን አልገደላቸውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል። «የባንክ ሒሳብ ኮፒ ሊደረግ አይችልም፤ አንድ ነው፣ አንድ መሆኑ ነው ትርጉሙ» ይባላል። እውነት ነው፤ ማንነት ያላቸው ነገሮች አሉ። ግን ቁጠሯቸው። የተከፈተ ፋይል፣ የኔትወርክ ግንኙነት፣ ስክሪን ላይ ያለ መስኮት፣ እና ጥቂት ሌሎች። የቀረው የፕሮግራማችን መረጃ ቀን፣ ገንዘብ፣ አድራሻ፣ ዝርዝር፣ ቅንብር፣ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። ለጥቂቶቹ የሚስማማውን ደንብ ለብዙኃኑ ማልበስ ምን ይባላል? የባንክ ሒሳቡም ቢሆን በምሳሌነቱ ያሳስታል። በሰርቨሩ ሚሞሪ ውስጥ ያለው የሒሳብ ኦብጀክት ራሱ በዳታቤዝ ውስጥ ያለው ረድፍ ቅጂ ነው። ሁለት ሰርቨሮች ካሉ ሁለት ቅጂ አለ። ሒሳቡን አንድ የሚያደርገው የሒሳብ ቁጥሩና የዳታቤዙ ትራንዛክሽን ነው፤ በአንድ ማሽን ውስጥ ሪፈረንስ መጋራት ለዚያ አንድነት የሚጨምረው ነገር የለም። እንዲያውም ሪፈረንሱን አምነው ትራንዛክሽኑን የዘነጉ ሰዎች ናቸው ገንዘብ የሚያዛቡት።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ኮፒ የት ድረስ ነው?» የሚለው ነው። ሊስቱን ገለበጥክ፤ በውስጡ ያሉትን ሊስቶችስ? በጃቫስክሪፕት በሦስት ነጥብ የሚደረገው ኮፒ የላይኛውን ሽፋን ብቻ ይገለብጣል፤ ውስጡ የጋራ እንደሆነ ይቀራል። ሰዎች ለዓመታት ኦብጀክቱን ወደ ጄሰን ጽሑፍ ቀይረው መልሰው በማንበብ ጥልቅ ኮፒ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ቀኖቻቸው ወደ ጽሑፍ ሲለወጡባቸው፣ ፈንክሽኖቻቸው ሲጠፉባቸው። በ1995 የተወለደ ቋንቋ በዋና ዋና ብሮውዘሮች ሁሉ መደበኛ የጥልቅ ኮፒ መሣሪያ ያገኘው በ2022 ነው። ይህን ኮፒ አስቸጋሪ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል። እኔ ደግሞ መጋራት ደንብ የሆነበት ቋንቋ ኮፒን እንደ እንጀራ ልጅ ለማሳደጉ ማስረጃ አድርጌ አነበዋለሁ። «የት ድረስ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ውስጡ በሪፈረንስ ስለተሞላ ነው። በአፕል ቋንቋ በስዊፍት ውስጥ ስትራክት፣ አሬይና ጽሑፍ ብቻ ባለበት መረጃ ላይ ጥያቄው አይነሳም፤ ኮፒ እስከ ታች ኮፒ ነው።

የስዊፍት ነገር ከተነሳ፣ በሰኔ 2014 የወጣው የመጀመሪያው የሙከራ እትሙ መካከለኛ መንገድ ሞክሮ ነበር። አሬይ ለሌላ ቫሪያብል ሲሰጥ ይጋራል፤ የአንዱ ርዝመት ሲለወጥ ግን ይለያያሉ። ለፍጥነት ተብሎ የተሠራ ስምምነት ነበር። የሚያስከትለውን አስቡት፤ አንድ ቦታ ላይ ዋጋ ብትቀይር ጎረቤትህን ትነካለህ፣ አንድ ነገር ብትጨምር አትነካም። አፕል በአንድ ወር ገደማ ውስጥ፣ በሐምሌው ሦስተኛ የሙከራ እትም፣ ጥሎት አሬይን ሙሉ በሙሉ ኮፒ የሚደረግ ዋጋ አደረገው። መጋራት የሚፈልግ ሰው በስዊፍት ሲጠራ ከቫሪያብሉ ፊት «&» ያስቀምጣል፣ ተቀባዩም በፊርማው ላይ ይገልጻል። አንባቢው ኮዱን እንዳየ እዚህ ላይ ነገሩ ሊለወጥ እንደሚችል ያውቃል። የሩስት ቋንቋ ከዚህም አልፎ አንድን ነገር ሁለት ወገን እያየው አንዱ እንዲለውጠው ኮምፓይለሩ አይፈቅድም። እኔ የምጠይቀው የሩስትን ያህል ጥብቅነት አይደለም፤ ምልክቷን ብቻ ነው።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ፕሮግራሚንግን የሚጀምረው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው፤ ወደ ኦብጀክት ተኮር ኮርስ ሲሻገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ጃቫ ይጠብቀዋል። ይህ ሽግግር ልዩ ትኩረት ይገባዋል። በሲ ፕላስ ፕላስ አንድን ቬክተር ለሌላው በእኩል ምልክት ሲሰጥ ሙሉ ኮፒ ይደረጋል፤ ኦብጀክትም እንደዚያው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ያው ተማሪ ያንኑ ምልክት በጃቫ ሲጽፍ አንድ ኦብጀክት ሁለት ስም ያገኛል። የሥራው ትርጉም በሙሉ ተገልብጧል፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን አንድ ነው። ተማሪው ሲሳሳት ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ «ፕሮግራሚንግ አይገባኝም» ብሎ የሚደመድምም አለ። መምህራን ፈተና ላይ «በሪፈረንስ ማስተላለፍ ከኮፒ የሚሻለው ለምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ መልሱን ገና ከጥያቄው ወስነውለታል። በምትኩ አጭር ኮድ ሰጥተው «ከአምስተኛው መስመር በኋላ ይህን ሊስት ማን ማን ሊለውጠው ይችላል?» ቢሉት፣ ሥራ ሲይዝ በየቀኑ የሚገጥመውን ጥያቄ አስተማሩት ማለት ነው።

ቋንቋዎቹን ነገ የምንቀይራቸው አይደሉም። ፓይተን የሚጽፍ ሰው ፓይተን መጻፉን ይቀጥላል። ግን ፓይተን ራሱ ጥሩ ፍንጭ ይዟል፤ ሊስቱን እዚያው የሚደረድረው ትእዛዝ ምንም አይመልስም፣ አዲስ የተደረደረ ሊስት የሚመልሰው ደግሞ ሌላ ስም አለው። ጃቫስክሪፕትም ዘግይቶ በ2023 ኦርጅናሉን ሳይነካ የሚደረድር አቻ አግኝቷል። የራሳችንን ፈንክሽኖችም እንዲሁ መጻፍ እንችላለን፤ የተሰጠውን የሚለውጥ ፈንክሽን በስሙ ይናገር፣ ሌላው ሁሉ የሰው ንብረት አይንካ። ኮድ የሚገመግም ሰውም ጥያቄውን ከኮፒ አድራጊው ላይ አንስቶ ወደ አጋሪው ያዙር፤ «ይህን ሊስት ከማን ጋር ትጋራለህ፣ ለምን?» ይበለው። ኮፒው በእርግጥ ከባድ መሆኑን ፕሮፋይለር በቁጥር ካሳየ፣ እንደ ትልቅ የምስል መረጃ ያለ ነገር ሲሆን ይህ ያጋጥማል፣ ያ አንዱ ቦታ ይጋራ፤ ከጎኑም ማን እንደሚጽፍበትና ማን እንደሚያነበው የሚገልጽ አንድ መስመር ኮሜንት ይቀመጥ።